የእማዬ ጆሮ

ውድ እማዬ፣ የሆንግ ኮንግ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እዚህ ኢሎኢሎ፣ አሳማዋም ጭምር፣ ደህና ነን።

የሳይንስ አስተማሪያችን ስለ ዘር ውርስ እያስተማረችን ነው። የእኔን አይታ፣ «የጆሮሽ ጫፍ ከጉንጭሽ የተጣበቀው በማን ወጥቶ እንደሆነ አጣሪ» አለችኝ። የአባዬ ይንጠለጠላል። አማትሽ ሎላ ባሲዮን፣ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ጆሮ የለም፤ የእናትሽ ነው!» አሉ። አባዬ ደግሞ፣ «የሚስቴን ጆሮ አላውቅም እንዴ? ይንጠለጠላል!» ብሎ ጮኸ። ተኳርፈው አደሩ። ፎቶዎችሽን ብናይ በሁሉም ጸጉርሽ ሸፍኖታል። ትንሿ እህቴ ሉኒንግ ግን «እኔ አውቀዋለሁ!» ብላ የጎረቤታችንን ጆሮ ከነጉትቻው ሥላ አመጣች።

አስተማሪዬ «አዲስ ፎቶ ትላክልሽ» አለች። እኔ በዓይኔ ካላየሁ አልጽፍም አልኳት። የቤት ሥራውን እስከ ገና አራዝማልኛለች።

ሁለቱንም ጆሮሽን ስሜያለሁ።

ልጅሽ ሊዌይዌይ