የድልድዩ ጠባቂ

የካ፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች
መጋቢት

ውድ ፊልሞና፣

እንደምን ከርመሃል? የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። እግሬ ድኗል። ከኪዳነ ምሕረት ስወርድ አሁንም ዱላ እይዛለሁ፤ የምይዘው ግን አፀደ እንዳትጮህብኝ ብዬ ነው። ቦቢም ደህና ነው። በሩ ላይ ተኝቶ ያለፈ ያገደመውን ይጮህበታል። ካንተ ሌላ ሱሪውን የነከሰው ሰው የለም።

የምጽፍልህ ስለ ጌሞቹ ነው። መስከረም ላይ በረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተንሸራትቼ እግሬ ተሰብሮ፣ ጄሶ ውስጥ ሆኜ ጣሪያ ሳይ፣ ያንን ፕሌይስቴሽን በቦርሳ ተሸክመህ መጣህ። ያኔ "የሃይሚ የሥራ ባልደረባ" ነበርህ። ሦስት የጃፓን ጌሞች ጠረጴዛው ላይ ደርድረህ፣ "ጋሽ ኃይለ መስቀል፣ ኳስ ጨዋታውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። እነዚህን ይሞክሩና ምን እንደተሰማዎት ይነግሩኛል" አልኸኝ። እነግርሃለሁ አልኩ።

ከዚያ ጥር ላይ ሽማግሌ ልከህ ልጄን ጠየቅህ። እኔም መልስ ሰጠሁ። አንተም ቀረህ፤ ወደ ሐዋሳ ተዛወረ አሉኝ። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የገባሁትን ቃል ልፈጽም።

ባሕር ጠረፍ ላይ ካለችው ትንሽ ከተማ ልጀምር። ውጊያ የለ፣ ሩጫ የለ፤ አንድ ተማሪን ሰው ሲያናግረው ከሦስት መልስ አንዱን ትመርጥለታለህ፣ በቃ። እንግሊዝኛው አላስቸገረኝም። የመረጥኩት ሁልጊዜ ሦስተኛውን፣ ዝም የሚለውን ነበር። ጨዋ ልጅ እንዲሆን ብዬ ነው። መጨረሻ ላይ የሚወዳት ልጅ በባቡር ሄደች፤ ደህና ሁን እንኳ አላለችውም። ጨዋታው አለቀ። ተናደድኩ።

"ይህ ልጅ ምን አጠፋ? አንድ ክፉ ነገር አልተናገረም" አልኩ።

ሃይሚ በበሩ ስታልፍ ነበር። "ምንም አልተናገረማ" ብላኝ ሄደች። ሽማግሌዎችህ ከመጡ በኋላ በነበረው ወር ከተናገረችኝ ረጅሙ ይህ ነው።

የእርሻውን ጌም እኔ ብዙም አልተጫወትኩትም። አፀደ ወሰደችብኝ። የካራ ገበሬ ልጅ መሆኗን ታውቃለህ። መጀመሪያ ከኋላዬ ቆማ ትስቅብኝ ነበር። "ዝናብ እየዘነበ ውኃ ታጠጣለህ? ጎመን እንዲህ ተጠጋግቶ ይተከላል? አምጣው እስቲ!" ብላ ጆይስቲኩን ከእጄ ነጠቀች። እስካሁን ያንን ጌም አልመለሰችም። አሁን ሦስት ላም አላት፤ የመንደሩ ባለሱቅ ምን ስጦታ እንደሚወድም ታውቃለች። መብራት ሲሄድ "ላሞቼ!" ብላ ትጮሃለች። የጸሎት ጓደኞቿ ስልክ ሲደውሉላት "ሥራ ላይ ነኝ" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሦስተኛው፣ አንተ አብልጠህ የምትወደው፣ ጦር የያዘው ወጣት ከሐኪሟ አሮጊትና ከሚናገረው ቀበሮ ጋር አገር የሚያቋርጥበት ነው። በዚህ ላይ የምለው ብዙ ነው።

ውጊያው ተራ በተራ መሆኑን ወድጄዋለሁ። ጠላት እንኳ ወረፋ ይጠብቃል። በእድራችን ስብሰባ ይህን ሥርዓት ባየሁ። የሰው ቤት ገብቶ ሣጥን መክፈቱን ግን አልወደድኩትም። ባለቤቶቹ ቆመው እያዩት "እንኳን ደህና መጣህ" ይሉታል። አፀደ "ሌባ ነው እንዴ ልጁ?" ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ሌሊት ማደሪያ ቤት ተኝቶ ሲነሳ ቁስሉ ሁሉ መዳኑም፣ እግሬ ትራስ ላይ ተሰቅሎ ሳየው፣ ደስ አላለኝም። ደግሞ ወንዙ ከባሕር ተነስቶ ወደ ተራራ ነው የሚፈሰው። ሥዕሉን የሠራው ሰው ቀያሽ አላማከረም። ዕድሜዬን በሙሉ መንገድ የቀየስኩ ሰው ነኝና ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ሙዚቃው ግን! መንደሯ ውስጥ ሲገባ የምትመጣዋን ዜማ ታውቃታለህ። ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በአፍንጫዬ ሳንጎራጉራት ራሴን ያዝኩት። ቆምኩና አማተብኩ።

አሁን ወደ ድልድዩ ልምጣ።

የት እንደሆነ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ። የብረት ቆብ የደፋ ጠባቂ ቆሟል። ጠጋ ብዬ አናገርኩት። "ድልድዩ ተዘግቷል። ተመለስ" አለኝ። ተመለስኩ። ሌላ መሻገሪያ ፍለጋ የወንዙን ዳር ሁሉ አሰስኩ። ያየሁትን በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ሣልኩት። ወረቀቱ ከአንድ አልፎ ሁለት፣ ሦስት ሆነ፤ ምንጣፉን ሸፈነው። በእግር የሚሻገሩበት መልካ የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ስል ሳምንታት አለፉ።

እዚህ ላይ የጥር ወሩን ነገር ላንሳ፤ ያለዚያ ቀጥሎ የሆነው አይገባህም።

ሦስት ሰው ላክህ። ከቸርችህ ወንጌላዊ በርናባስን፣ ከመሥሪያ ቤትህ ሱፍ የለበሱ ሁለት ሰዎችን። ሽማግሌ ሲገባ ተቀመጡ ይባላል፤ እሱ ደግሞ "የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" ይላል። ያንተዎቹ ተቀመጡ። እንዲያውም አንደኛው ሶፋው ምቹ መሆኑን ተናገረ። እሺ፣ ዘመኑ ነው ብዬ አለፍኩት። ንግግራቸው ጥሩ ነበር። ስለ ጠባይህ የተናገሩትን አውቀዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ አጠገቤ ተቀምጠሃል፣ ስሸነፍ ሳትስቅብኝ አስተምረኸኛል።

ሲጨርሱ፣ "አክብራችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ግን ልጅቷ ገና ናት። ዘመድም አልተማከረበትም" አልኳቸው።

ፊልሞና፣ ሃይሚ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ማስተርሷን ይዛለች። በእኛ ቤት "ገና ናት" ማለት ሂዱና ተመለሱ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት ልጁን ለማራገፍ የቸኮለ ይመስላል። ይህን የማያውቅ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር።

ወንጌላዊ በርናባስ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ስለ ግልጽነትዎ እናመሰግናለን።" ተነሱ፣ ቤቱን በጸሎት ባረኩ፣ ሄዱ።

አፀደ ከጓዳ ብቅ አለች። "ምነው ቶሎ ወጡ?"

"ይመለሳሉ።"

"መቼ?"

"እኔ እንጃ። ለመጪው እሁድ ይሆናል።"

ለመጪው እሁድ ዶሮ ተገዛ። እሁዱ አለፈ። ሌላውም አለፈ። ዶሮው ጓሮ ውስጥ ሲጭር ከረመና ለቅበላ ራሳችን በላነው። ማንም አልጣፈጠውም።

እኔ አፀደን ሳስጠይቅ የሆነውን ልንገርህ። አባቷ ሽማግሌዎቼን ሁለት ጊዜ መልሰዋቸዋል። በሁለተኛው ውሻው ሳይታሰር ቀርቶ የአጎቴን የወልደ ሐዋርያትን ሱሪ ቀደደው። አጎቴ በሦስተኛው ያንኑ ሱሪ አስጥፎ፣ መጣፊያው እንዲታይ ከፊት ቆሞ ሄደ። አባቷ ሱሪውን አይተው ሳቁ። ተቀመጡ አሉ። ተሰጠችኝ። ያንተ ሰዎችም እንዲህ ይመጣሉ ብዬ ነው የጠበቅኩት። ቅር ብሎኝም ነበር። ልጄን እንዲህ በቀላሉ የሚተዋት ከሆነ እንኳንም ቀረ ያልኩባቸው ቀኖች ነበሩ።

በሃይማኖት ይሆናል ብለህ እንደጠረጠርህ ሰማሁ። በዚህ ቤት እሁድ ጠዋት እኔ ሽቅብ ወደ ኪዳነ ምሕረት፣ አፀደ ቁልቁል ወደ ቸርቿ እንሄዳለን። ምሳ ላይ እንገናኛለን። እሷ ወንጌል ያመነች ጊዜ አንድ ዓመት ተኳርፈናል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ኖረንበታል። እኔ ራሴ የምኖርበትን ለአንተ እንቅፋት አላደርገውም። ልነጋገርበት የምፈልገው ነገር ቢኖርም ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ሃይሚ የታጠበ ልብስ ታቅፋ ገባች። ከጥር ጀምሮ ከ"ምሳ ቀርቧል" በቀር ብዙም አታናግረኝም ነበር። ወረቀቶቹን ላለመርገጥ ቆመች።

"አባዬ፣ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?"

"ወንዙ ነው። መሻገሪያ እየፈለግሁ ነው።"

"ድልድዩስ?"

"ጠባቂው ተዘግቷል አለኝ።"

"ስንት ጊዜ ጠየቅከው?"

"አንዴ ነዋ። ተዘግቷል ካለ ተዘግቷል ነው። ምን እጨቀጭቀዋለሁ?"

ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ! "አባዬ ደግሞ! ድጋሚ አናግረው እንጂ። እነዚህ ጌሞች እንዲህ ናቸው። መጀመሪያ ይመልስሃል፤ ተመልሰህ ስትመጣ ነው የምርህን መሆኑን የሚያውቀው።"

ጆይስቲኩን ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩ።

"ይህን ፊልሞና ያውቃል?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ሁለተኛ መጠየቅ እንዳለ።"

"እሱማ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጫወት..." ብላ አቋረጠች። አየችኝ። "አባዬ፣ እምቢ ብለህ አልነበረም?"

"መቼ እምቢ አልኩ? ገና ናት ነው ያልኩት።"

"ገና ናት ማለት እምቢ አይደለም?"

"ሃያ ስምንት ዓመትሽ ነው እኮ፣ ሃይሚ።"

ልብሱ ላይ ቁጭ አለች። አፀደ ከጓሮ፣ "ልጅቷ ይህን አታውቅም ብዬህ ነበር! ብዬህ ነበር ወይስ አላልኩህም?" እያለች መጣች። ብላኝ ነበር። የተወለደችው እዚሁ ነው፣ እንዴት አታውቅም ብዬ አልሰማኋትም። ለካ ሃይሚ የዚያን ቀን ከመኝታ ቤት ሆና ቃሌን ሰምታ እንደ እናንተው እምቢታ ነው ብላ ቆርጣ ኖሯል። አንተንም "ለምን አልተከራከርክም?" ብትልህ "የአባትሽን ቃል አከብራለሁ" ብለሃት ተጣልታችኋል። ሁላችሁም አከበራችሁኝ። በአክብሮት ብዛት ቤቴ ጭር አለ።

"በይ ደውይለት" አልኳት።

"አልደውልም። ለእኔ ሲል መመለስ ነበረበት። ደግሞ የመለስከው አንተ ነህ፤ አንተ ንገረው።"

"የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ጥሩልኝ ብሎ አያውቅም።"

"እንግዲያው ድልድዩ ጋ ቁሙ፣ ሁለታችሁም" ብላኝ ልብሷን ይዛ ወጣች። አኮረፈች እንዳልል፣ ያችን የመንደሯን ዜማ በአፍንጫዋ እያለች ነው የሄደችው።

ያኔውኑ ጠባቂውን ድጋሚ አናገርኩት። "ተመልሰህ መጣህ? እለፍ" አለኝ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። እኔ ወንዝ ለወንዝ ስንከራተት እሱ እዚያው ቦታ ቆሞ ነው የከረመው። የትም አልሄደም። አሳዘነኝ።

እንግዲህ ልማድ ልማድ ነው። እኔ ሽማግሌ አልጠራሁም። ስለ ጌም ነው የጻፍኩልህ።

ደብዳቤውን የምታደርስልህ የጎረቤታችን ልጅ ኢልሃም ናት፤ ለሥራ ወደ ሐዋሳ እየወረደች ነው። የባሕር ጠረፉን ዲስክ አብሬ ልኬልሃለሁ። በሁለተኛው ሙከራ መናገር የሚለውን መርጬለታለሁ፤ ልጅቷ ከባቡሩ ወርዳለች። የእርሻውን አፀደ አትለቅም፤ ራስህ መጥተህ ብትጠይቃት ይሻላል። የጦረኛውን እኔ ይዤዋለሁ። የመጨረሻው ግንብ በር ላይ ደርሼ ሴቭ አድርጌ ቆሜያለሁ። ብቻዬን አልገባም።

ለወንጌላዊ በርናባስ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ስለ ግልጽነቴ አመስግነውኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ምስጋናው አይገባኝም ነበር። ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ግን እቀበላቸዋለሁ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤት ነኝ። አፀደ ዶሮ ልትገዛ አስባለች፤ የአሁኑ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሶፋው እንደነበረው ምቹ ነው፤ ተቀመጡ ቢባሉም ግን ቶሎ አይቀመጡ።

ቦቢ ይታሰራል።

አክባሪህ
ኃይለ መስቀል