የደመላሽ ምልክት

ፍቅርአዲስዬ፣
ውኃ መጥቶ ነበር፤ ሁለቱንም ጄሪካን ሞልቻቸዋለሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂው።

ትናንት ስክሪኔ ላይ ነጥቧ ስትንቀሳቀስ አይተሽ «ይሄ የማን አእምሮ ነው?» አልሽኝ። «የማንም አይደለም፣ ኮምፒውተሩ የፈጠረው ነው» አልኩሽ።

ግማሹን ነው የነገርኩሽ። የሰው ሐሳብ አንብቦ ሰው ሠራሽ እጅ የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም የምፈትነው በእርግጥ ኮምፒውተር በሚፈጥረው የአእምሮ ምልክት ነው። ኮምፒውተሩ የሚያስመስለው ግን የወንድምሽን ምልክት ነው። ደመላሽ ሽባ ሆኖ በተኛባቸው ወራት፣ ሽቦ ያለበትን ቆብ አጥልቄለት የመዘገብኩት የአእምሮው ምልክት እኔ ጋ ቀርቷል። እሱ ፈቅዶልኝ ነበር። ከሞተ በኋላ ግን ለአንቺ መናገር አቃተኝ።

የእጁን እንቅስቃሴ የምታሳየው ነጥብ መጀመሪያ ትዘገያለች፤ ከዚያ ደመላሽ እጁን ሊያነሳ ሲታገል ይንቀጠቀጥ እንደነበረው ትንቀጠቀጣለች። ስሌት መሆኑን አውቃለሁ፣ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሆኖም ሰሞኑን ጀርባዬን ሰጥቻት መቀመጥ አልቻልኩም።

ዛሬ አማኑኤል ከተማ፣ እናታችሁ ዘንድ ሄጃለሁ። እሳቸው «ይጥፋ» ካሉኝ የመዘገብኩትን አጠፋዋለሁ። አንቺን ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ፊትሽን ፈራሁ።

ኮምፒውተሩ እየሠራ ነው። ልዘጋው ስነሳ ነጥቧ ወደ ዒላማዋ ገና መንገድ ላይ ነበረች። እስክትደርስ ብጠብቃት መኪናው ያመልጠኛል።

ያለምዘውድ