የእማዬ ጤና አዳም

እሑድ፣ ጁላይ 20፣ ዩለስ

ዛሬ እማዬ ደጃፌ ላይ የተከለችውን ጤና አዳም ነቀልኩት። የሞባይል ሆም ፓርኩ ማናጀር ትናንት "እዚህ መቆፈር ክልክል ነው፣ ይነሳ" የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፋብኝ ነበር። እኔ የገዛሁት ሞባይል ሆሙን፣ ተጎታች ቤቱን ብቻ ነው፤ መሬቱ የፓርኩ ነው፣ በየወሩ ኪራይ እከፍልበታለሁ። ይህንን ለእማዬ አልነገርኳትም። ከአዲስ አበባ አሜሪካ የመጣች ዕለት "ቤቴ ይኸውልሽ" ስላት ጎንበስ ብላ መሬቱን ሳመችው። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልንገራት?

ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ "ፀሐዩ አቃጠለው፣ ነቅዬ ጣልኩት" አልኳት። እጄ ጤና አዳም ጤና አዳም ይሸት ስለነበር ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። እሷ ጭራሽ እኔኑ አጽናናችኝ።

"አይዞህ ልጄ፣ መሬቱ እንደሆን የኛው ነው። መስከረም ሲጠባ ደግመን እንተክላለን።"