አረንጓዴው አንሶላ

ሰኞ፣ ጥር 5

ዛሬም ወንዝ ውስጥ ወደቅኩ። አዲስ ነገር የለም።

ወንዝ መሃል ቆሜ ወለሉ ላይ የብረት ቱቦ እተክላለሁ። በቱቦው ከጠጠሩ ሥር ያለውን ውሃ እስባለሁ። ከዚያ ላብራቶሪ... ኬሚካሉን መለካት፣ ባክቴሪያውን ማየት። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው። ትንሽ ጠለቅ ሲባል ጥቁር ጭቃ ይወጣል፤ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ቦታ ቀየረ። አልተቀየምኩትም።

አለቃዬ ውጤት ይፈልጋል። አፉን በከፈተ ቁጥር "እንግዲህ" ስለሚል ስሙን "ዶክተር እንግዲህ" ብለነዋል። "እንግዲህ፣ ኮንክሪቱ ሳይመጣ ብትጨርሺ ጥሩ ነው።" ማዘጋጃ ቤቱ ለጎርፍ መከላከያ ብሎ ወንዙን ከነወለሉ ኮንክሪት ሊያለብሰው ነው። ንድፉን የሠራው ማን ነው? ታላቅ ወንድሜ። ከአንድ ማህፀን ወጥተን እኔ ወንዝ እቆፍራለሁ፣ እሱ ይደፍናል።

እሁድ፣ ጥር 11

ምሳ እማዬ ቤት። ወንድሜ ገና ሳይቀመጥ ጀመረኝ።

"ባክቴሪያዎችሽ እንዴት ናቸው? ሰላም በያቸው።"

"ሥራ ላይ ናቸው። እንደ እናንተ መሥሪያ ቤት መሰለህ?"

ከዚያማ ተያያዝን። እኔ፦ ወንዝ ከላይ ብቻ አይሄድም፣ ከጠጠሩም ሥር ይሄዳል፣ ከላይኛው ሰፈር የሚለቀቀውን ቆሻሻ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ይበሉታል። እሱ፦ ሥር ያለው ድንጋይ ነው፣ ድንጋይ አይሄድም።

"አሳዪኛ። በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።"

"አሳይሃለሁ።"

እማዬ ጭልፋውን አስቀመጠች። "ልጆች ሳላችሁ በኳስ ነበር የምትጣሉት። እሱ ይሻል ነበር።"

ረቡዕ፣ ጥር 14

አንዱ ቱቦ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ጨመርኩ። ሰው አይጎዳም፤ ውሃ የት እንደሚሄድ ለመከተል ነው። ከወንዙ ታች በኩል ከተከልኳቸው ቱቦዎች በአንዱ ብቅ ማለት አለበት። መጠኑን ትንሽ አበዛሁት መሰለኝ... ንዴት ነበረብኛ። በዓይኔ ካላየሁ ነው ያለው?

አርብ፣ ጥር 16

የለም። በአንዱም ቱቦ የለም። ያን ሁሉ ቀለም ምን ዋጠው? ዶክተር እንግዲህ "እንግዲህ..." አለና ሳይጨርስ ሄደ። ከስድብ ይብሳል።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ተገኘ። ምነው ባልተገኘ።

ጠዋት ቢሮ ስገባ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ወንበሬ ላይ ተቀምጠዋል። ታች ወንዙ ዳር ያለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ሰፈሩ "እትዬ ላውንደሪ" ነው የሚላቸው። ከፌስታል አንሶላ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ልክ እንደ ጥሬ ሎሚ አረንጓዴ።

"ወንዝ ውስጥ ቀለም የምትደፋ ልጅ አለች አሉኝ። አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"የሆቴል አንሶላ ነው። ነጭ ነበር።"

ለካ የሚያጥቡት ጓሯቸው ካለው ጉድጓድ በሚስቡት ውሃ ነው። ቀለሙ በወንዙ ሥር አድርጎ ጉድጓዳቸው ገብቷል። ሳሙና ሲነካው ደግሞ ይብስበታል። አካባቢው ላይ ጉድጓድ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር። አልጠየቅኩም። ሆቴሉ ተቆጥቶ ሥራውን ለሌላ ሰጠባቸው። ይሄን እየነገሩኝ አረንጓዴውን በጣታቸው ያሻሉ... የእኔ ልብ ደግሞ ይጨፍራል። ሄዷል፣ ውሃው ከሥር ሄዷል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ረቡዕ፣ ጥር 21

ቀለሙን ፀሐይ ያጠፋዋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ሳሰጣ ዋልኩ። እትዬ ላውንደሪ ከኋላ ከኋላዬ እየመጡ ያሰጣሁትን እንደገና ያሰጡታል። "ይሄን ሁሉ ስትማሪ አንሶላ ማስጣት አላሳዩሽም?"

ወንድሜን ደውዬ ጠራሁት። ገመዱ ሙሉ አረንጓዴ አንሶላ ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ዞሮ ወንዙን አየ። ጉድጓዱን አየ። ሳቁ ቆመ።

"ይሄ የወንዙ ውሃ ከሆነ ቆሻሻውስ የት ሄደ?"

ትናንት የጉድጓዱን ውሃ ለክቼዋለሁ። ከቆሻሻው የሚመጣው አሞኒያ ወንዙ ላይ ብዙ ነው፤ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ የለም ማለት ይቻላል። "በልተውታል" አልኩት። ኩራቴን መደበቅ አቃተኝ።

"ኮንክሪት ቢለብስስ?"

"ውሃው ወደ ሥር አይገባም። እነሱም ይርባቸውና ያልቃሉ። ጉድጓዱም..."

እትዬ ላውንደሪ ከአንሶላው ጀርባ መሆናቸውን ረስቼ ነበር።

"ጉድጓዴ ይደርቃል ነው የምትሉት?"

አንሶላውን ገለጥ አድርገው ወጡ።

"ማነው ኮንክሪት የሚያፈሰው?"

ወንድሜ ስብሰባ ላይ ማን ያስቆመዋል? ዛሬ የአንሶላውን ጫፍ ይዞ መሬት መሬት ያያል። "እኔ ነኝ፣ እትዬ" አለ በመጨረሻ።

ብዙ አዩት። "ከፍ አድርገህ ያዘው" አሉት። "መሬት ይነካል።"

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ። ውጤቴን አቀረብኩ። ግማሹ ስልኩን ይጎረጉራል፣ ግማሹ ያንቀላፋል። ባክቴሪያ ስል አንዱ እጁን በመሐረብ ጠረገ።

ከዚያ ወንድሜ ተነሳ። "ንድፉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ወለሉ ላይ ተሳስቻለሁ።" አለቃው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። የተኙት ነቁ።

ወሰኑ፦ ግራና ቀኙ ግድግዳ ይሠራል፣ ወለሉ ባለበት ይቆይ። "ለጊዜው" የምትል ቃል ጨምረውበታል። ወንድሜን ደግሞ ከፕሮጀክቱ አነሱት፤ ከሰኞ ጀምሮ ሕንፃ ጥገና ክፍል ነው። የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ የተሰበረ በር...

ደረጃው ላይ አገኘሁት።

"ምናለ ብታማክረኝ?"

"ምን ልትዪኝ?"

"አርፈህ ተቀመጥ እልህ ነበር።"

"ለዚህ ነዋ ያላማከርኩሽ።"

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ሆቴሉ አልተመለሰም። እትዬ ላውንደሪ አንድ ትንሽ ክሊኒክ አግኝተዋል፤ የነርሶች ጋውን ያጥባሉ። ቀለም ከመጨመሬ በፊት አሁን እሳቸውን አስፈቅዳለሁ። አንዳንዴ ይከለክሉኛል።

ወንድሜ ዛሬ ሥራ ስለሌለው ልርዳሽ ብሎ ወንዝ ወረደ። በቆዳ ጫማ። መዶሻውን ነጥቆኝ አንዱን ቱቦ አጎበጠው። ሁለተኛው ገባለት። ውሃውን ስቦ በብልቃጥ አወጣና ወደ ፀሐይ ያዘው። ጥርት ያለ። ከቱቦው የወጣ ጥቁር ጭቃ ደግሞ ጣቱን ነክቶታል፤ አሸተተው፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ግን አልታጠበውም።

"ስንት ወንዝ የደፈንኩ ይመስልሻል?" አለኝ።

ብልቃጡን እያየ ነው የጠየቀኝ። አፌ ላይ ቀልድ ነበረች፣ ጥሩ ቀልድ። ዋጥኳት።

አንድ ቱቦ አቀበልኩት።