ሁለት ሆነው ካልመጡ

ሐሙስ፣ ፌብሩወሪ 20

ምን ዓይነት ብርድ ነው፣ ያረቢ። ባሱ ዘገየ። ሮዝቪል ስደርስ የማስታምመው ሽማግሌ ኤርል ጫማውን አድርጎ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። «ዘገየሽ» አለኝ ተቆጥቶ። የት ሊሄድ ነው? ዘጠናን ካለፈ ቆይቷል። መንገዱ ከወንበሩ እስከ መስኮቱ ነው።

ገላውን አጠብኩት፣ መድኃኒቱን ሰጠሁት፣ አጃውን አበላሁት። ከዚያ የዘወትር ጉብኝታችን... ኮሪደሩ ላይ የሰቀላቸው የአውሮፕላን ፎቶዎች። ዕድሜውን ሁሉ መካኒክ ነበር፣ ኤርፖርቱ ጎን ባለው የአየር ቡድን ውስጥ። ልጄ ሱንዱስ አሁን ያለችበት ቡድን። ይህን ካወቀ ወዲህ ሆም ኬር የላከኝ ሠራተኛ መሆኔን ረስቶታል፤ ዘመዱ አድርጎኛል።

ሱንዱስ ኮሌጅ ይከፍሉልኛል ብላ ገባች። የጎረቤቴ የባየሽ ልጅ አዲስም ተከተላት። ወይስ እሷ ናት የተከተለችው? እኔና ባየሽ «ልጄን ያሳተው ያንቺው ነው» እየተባባልን እንስቃለን። አሁን ሁለቱም በረሃ ናቸው። የትኛው በረሃ... አይነገርም። እሷ ጭነት ትጭናለች፣ እሱ ሞተር ያያል።

ሊሄዱ ሲሉ ባየሽ ቤት ቁጭ ብለው እየሳቁ የነገሩን ነገር ከሆዴ አልወጣም። «ክፉ ነገር ቢመጣ ፈረንጅ በር አንኳኩቶ እንዳይነግራችሁ፣ የሁለታችሁንም መልእክት በጋሽ ሐብተማርያም በኩል አድርገነዋል።» ጋሽ ሐብተማርያም የእድራችን ሰብሳቢ ነው። የባየሽ ልብ ደካማ ስለሆነ ለሷ ደግ አሰቡ። እኔን ምን አገባኝ? «አፋችሁን በጨው ታጠቡ!» ብዬ ተቆጣኋቸው።

ማክሰኞ፣ ፌብሩወሪ 25

ባየሽ ጾም ጀመረች። የኛም ረመዳን ቅዳሜ ሳይሆን አይቀርም። ዘንድሮ አብረን ልንከሳ ነው።

ኤርል ዛሬ አፉ ተከፈተ። የቡድኑ አውሮፕላኖች መጀመሪያ የእንጨትና የጨርቅ ክንፍ ነበራቸው አለ። አባቱ በጎረምሳነቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያቸው ነበር። ቀጥሎ ትልቁ ጦርነት። ኮሪያ ሲነሳ ደግሞ እሱ ራሱ ገባ፣ ጢሙ ሳይወጣ። ከዚያ ጄቶቹ መጡ። ሩሲያ ትመጣለች እየተባለ ፓይለቶቹ ጫማቸውን ሳያወልቁ ነበር የሚተኙት። አልመጣችም። አንድ ቀን ተዋጊዎቹን ወሰዱና ትላልቅ የጭነት አውሮፕላን ሰጧቸው። ፓይለቶቹ «የጭነት መኪና ሾፌር አደረጉን» ብለው አለቀሱ አለ።

«ሚስቶቻቸውስ?» አልኩት።

«ሚስቶቻቸው ኬክ ጋገሩ።»

ሳቅን። ስቆ ሲያበቃ፣ ጭነት የጫነውም አንዳንዴ አይመለስም አለ። በእናቱ ዘመን መርዶ የሚመጣው በቴሌግራም ነበር። ታክሲ ነጂ ያመጣዋል፣ ሰጥቶ ይሮጣል። ታክሲ ወደ ሰፈር ሲገባ ሴቶቹ መብራት ያጠፉ ነበር፣ ሰው የለም ብሎ እንዲያልፍ። በኋላ ታክሲው ቀረና የክብር ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች መምጣት ጀመሩ፣ አንዱ መኮንን አንዱ ቄስ። ኤርልም አንዴ መኪና ነድቶ ወስዷቸዋል። «ሴትዮዋ በሩን እንደከፈተች ምን አለች መሰለሽ? ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት፣ ጫማችሁን አውልቁ። አወለቅን። በካልሲ ቆመን ነገርናት።»

ከዚያ ክንዴን ያዘኝ። ዛሂዳ ማለት ስለማይሆንለት ዛ ነው የሚለኝ። «ስሚ፣ ዛ። ሁለት ሆነው ካልመጡ ደህና ናት። ሌላውን ሁሉ አትስሚ።»

ወደኛስ ሁለት ሆነው አይመጡም፣ አልኩ በሆዴ። ጋሽ ሐብተማርያም ነው የሚመጣው።

ቅዳሜ፣ ማርች 1

የመጀመሪያው ጾም። ጎህ ሳይቀድ ሱሁር እየበላሁ ሱንዱስ በቪዲዮ ደወለች። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል።

«እየጾምሽ ነው?»

«ማም፣ አይም ትራይንግ።»

ሙከራ የሚባል ጾም! አዲስ ከኋላዋ አንገቱን አስግጎ፣ «እትዬ ዛሂ፣ እኔ አለሁ፣ የሁለታችሁንም እየጾምኩ ነው!» አለ።

«አንተ መጀመሪያ የእናትህን ሁዳዴ ጹም፣ በርገሩን ተወው» አልኩት። ሳቀ። ጥርሱ የእናቱ ነው።

አንዳንዴ አንድ አውሮፕላን ላይ ይመደባሉ። ይሄ ያጽናናኛል።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ቴክስት አደረግኩላት። አልደረሳትም። ደወልኩ... ኦፍ ነው። ባየሽም የአዲስ አልገባልኝም አለች። «ኔትወርክ ነው» አለች።

ኔትወርክ ነው።

ረቡዕ፣ ማርች 5

ኤርልን እያበላሁ፣ ወሬ ለማምጣት ያህል፣ ስልኳ አይሠራም አልኩት።

«የሷ ብቻ ነው ወይስ የሌላም?»

«የሌላም።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ምን ማለት ነው? አልኩት። ደግሜ ጠየቅኩት። ሦስተኛ ጊዜ ስጮኽበት ተናገረ። አሁን ቴሌግራምም ታክሲም የለም፤ ሰው ሲሞትባቸው የሁሉንም ስልክ ይዘጋሉ፣ ቤተሰብ ሳይሰማ ወሬ እንዳያመልጥ።

«ግን ሁለት ሆነው አልመጡም» አለ።

«አልመጡም» አልኩ። አጃው ቀዘቀዘ፣ ደፋሁት።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስመለስ ሊፍት ውስጥ ጋሽ ሐብተማርያም። መቼም ሳያበሽቀኝ አያልፍም፣ «የወሎ ልጅ፣ ጾሙ ገደለሽ?» ይለኛል። ዛሬ ጫማውን ያያል። አራተኛ ፎቅ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዛሂዳ... ነገ ጠዋት ሺፍት አለሽ እንዴ? ቤት ነሽ?»

ቤት ነሽ።

ይሄን ጥያቄ የማያውቅ የኛ ሰው አለ? አባቴ አገር ቤት የሞተ ጊዜ እንዲሁ ጠይቀውኝ ነው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የመጡት። እኔስ ስንቱን ጠይቄያለሁ... ድምፄን አረጋግቼ፣ እንደ ዋዛ።

«አለሁ» አልኩት። ለምን አላነቅኩትም? ለምን አሁኑኑ ተናገር አላልኩም? ሊፍቱ ተከፈተ፣ ወጣ።

ማፍጠሪያ ላይ ሊዲያ መጣች፣ ታች ሱቅ ያላት። ሳምቡሳና ሾርባ ይዛ። ሊዲያ! አንድ ሎሚ መርቃ የማታውቅ። «በርቺ እሺ» ብላ ሄደች። በቴምር አፈጠርኩ። ሌላው አልወርድ አለኝ።

ቀጥላ ባየሽ ብቅ አለች። ምንም አላወቀችም። ፊቴን አይታ «አመመሽ?» አለች፣ ግንባሬን ዳሰሰች። ልነግራት ነበር። ሱንዱስ ሞታለች ልላት... አፌ እምቢ አለ። ልቧ ደካማ ነው፣ ለብቻዋ አትስማው። ነገ ከሰው ጋር ትስማ። ደግሞም እኔን የምትይዘኝ እሷ ናት።

ያረቢ፣ እኔን ውሰደኝ። አርጅቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ፣ እኔን። የፈሩት ይደርሳል አሉ... ፈርቼ ፈርቼ አመጣሁት? ልውጣና የጋሽ ሐብተማርያምን በር ልስበረው? ከሰበርኩት ይነግረኛል። ካልነገረኝ ግን አልሞተችም። እስኪነጋ ድረስ ልጅ አለኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 6

መጡ።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ሐሙስ ሱሁር አልበላሁም። ብዙ ሰው ይገባል ብዬ ቤቱን ጠረግኩ። ለብሼ ወንበር ላይ ጠበቅኳቸው። ሲያንኳኩ ከፈትኩ። የሰፈሩ ሽማግሌ ሐጂ ኤዶሳ ከፊት፣ ጋሽ ሐብተማርያም ከጎኑ፣ ሊዲያ፣ ሌሎችም፣ በካፖርታቸው ላይ ነጠላ ደርበው። ከነሱ ኋላ፣ ግድግዳውን ተጠግተው... ሰማያዊ የክብር ልብስ የለበሱ ሁለት ፈረንጆች። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

ሁለት ሆነው።

ወደቅኩ። መውደቄን ሊዲያ ናት የነገረችኝ። ጋሽ ሐብተማርያም ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ሥር ይለፈልፋል። «ያንቺ አይደለም! ዛሂዳ፣ ስሚኝ፣ ያንቺ ደህና ናት! አዲስ ነው... አውሮፕላኑ ሲያርፍ ተቃጠለ፣ እሷ አልነበረችበትም። ትናንት ለኔ ነገሩኝ፣ እስኪነጋ ጠብቁ አልኳቸው። አንቺን ይዘን ባየሽ ጋ እንግባ ብለን ነው። ካንቺ ሌላ ማን ይይዛታል?»

ያንቺ ደህና ናት። እሱን ብቻ ነው የሰማሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እሱን ብቻ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮህኩ። ደጋገምኩት። እልልም ሳልል አልቀረሁም። ሐጂ ኤዶሳ አፌን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፣ አልደረሰም።

የባየሽ በር ተከፈተ።

ከአልጋ እንደተነሳች፣ በባዶ እግሯ፣ ፊቷ በሳቅ ተሞልቶ። «ሱንዱስ ደወለች? እሰይ! እሰይ ዛሂዬ! የኔስ አብሯት አለ?»

ከዚያ ሰዎቹን አየች።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ስልኩ ተከፈተ። ሱንዱስ ደወለች። ለቅሶ ቤት ባየሽ አጠገብ ነበርኩ፣ ስልኬን ጨብጬ ደረጃው ጋ ወጣሁ። የገዛ ልጄን ድምፅ እንደ ሌባ ተደብቄ ሰማሁ። «ማም... ሂ ወዝ ጀስት ሂር። ሂ ወዝ ጀስት ሂር» ትላለች፣ አሁን እዚህ ነበር ማለቷ ነው፣ ሌላ ቃል የላትም።

ባየሽ አልተቆጣችኝም። እሱ ነው የሚገድለኝ። ትናንት ውኃ ሳቀብላት እጄን ይዛ፣ «እንኳን ያንቺ ተረፈች» አለች። ከልቧ ነው። እኔ ብሆን እል ነበር? አልልም። ስድስተኛ ፎቅ ድረስ የሚሰማ ነው የምራገመው።

ሱንዱስ አስከሬኑን አጅባ ትመጣለች። «ስትወርጂ ወደኔ እንዳትሮጪ» አልኳት።

«ዋት?»

«መጀመሪያ ወደሷ። እኔን እንዳላየሽ ሁኚ።»

«እሺ እማዬ» አለች። እማዬ ካለችኝ ስንት ዘመኗ።

ሐሙስ፣ ማርች 13

ለኤርል ሁሉንም ነገርኩት። ጩኸቴንም። ከነገርኩት ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። ይመክረኛል ብዬ ነበር... አልመከረኝም። «ያቺ ወለል የወለወለችው ሴትዮ» አለ፣ «ከቤቷ ስንወጣ ጎረቤቷ መጋረጃ ውስጥ ሆና ስታማትብ አየኋት። ደስ ብሏት። ማንም ሰው ያማትባል፣ ዛ።» ይሄም አላጽናናኝም።

የአዲስን ፎቶ ስጪኝ አለ። ስልኬ ላይ ያለውን ወስጄ አሳጠብኩት። ከጨርቅ ክንፎቹ ጀምሮ ያለውን ግድግዳ ጨርሶ፣ ወጥ ቤቱ በር ጋ ያለውን ባዶ ቦታ አሳየኝ። ሚስማሩን እኔ መታሁት።

ረቡዕ፣ ማርች 19

ነፋስ። ፀሐይ አለ፣ አይሞቅም። ኤርፖርቱ ጎን፣ የቡድኑ ሜዳ ላይ ቆምን። ኤርልን በዊልቸር አመጡት። ባየሽን በብብቷ ደግፌ ይዣታለሁ። አልቅሳ አልቅሳ ቀልላለች፣ ጥቁር ልብሷ ብቻ የቆመ ይመስላል።

አውሮፕላኑ በኋላው ተከፈተ። መጀመሪያ እሱ ወረደ፣ ባንዲራ ለብሶ። ባየሽ «መጣህ? መጣህልኝ?» አለች፣ በቀስታ፣ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ሁሉ። ኤርል እጁን ወደ ግንባሩ አነሳ። እስከ መጨረሻው አላወረደውም።

ከዚያ ሱንዱስ። ከስታለች። ዓይናችን ተጋጨ። እግሬ ሊሄድ አለ፣ ወላሂ ሊሄድ አለ... ያዝኩት። በአጠገቤ አለፈች። የልብሷ ጠርዝ ብቻ ነካኝ።

ባየሽ እግር ሥር ተደፋች፣ ጉልበቷን ሳመች። ባየሽ አነሳቻት። ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ሸተተቻት፣ አንገቷን፣ ፀጉሯን፣ የጦር ልብሷን ደረት። የልጇን ጠረን ነው የምትፈልገው። አብረው ነበሩ... ትንሽ ቢገኝ ብላ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። እኔም ቆሜ አያለሁ።

ከዚያ ባየሽ ቀና ብላ ፈለገችኝ። «ምን ያስቆምሻል?» አለች። «ልጅሽ አይደለችም እንዴ? ነይ።»

ሄድኩ። አቀፍኳቸው። የሱንዱስ ልብ ክንዴ ላይ ይመታል።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ፊቴ ባየሽ ትከሻ ላይ ነበር፣ ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኩት፣ ከንፈሬ እንዳይንቀሳቀስ።