ጨረቃ ሞልታ ለምን ጠራሽኝ?

ውድ ባለመድኃኒቷ፣

በስምሽ ልጀምር ብዬ ወረቀት ስቀድ አመሸሁ። ስምሽን ስጽፈው የማላውቃት ሰው ትሆኚብኛለሽ፤ ሰፈሩ እንደሚጠራሽ ይሁን። እኔ ግራ ከመጋባቴ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪኝ። በስልክ «ለምን?» ብልሽ «እንዲሁ ነዋ» ትዪና ነገሩ እዚያው ይቀራል።

ያመሰኝ ትናንት የላክሽልኝ መልእክት ነው። «ቅዳሜ ማታ ኮረብታው ላይ። ወፍራም ካፖርት ልበስ።» ሁልጊዜ የምትልኪው ዓይነት ነው፤ ቀኑ ብቻ ነው ግራ የገባኝ። ቅዳሜ ጨረቃ ሙሉ ናት። እሜቴ፣ ጨረቃ በሞላችበት ሌሊት የኮከብ ፎቶ እንደማይነሳ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?

እኔ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነኝ። ስለ ሰማይ የማውቀው መዝነቡንና አለመዝነቡን ነበር። የመድኃኒት ማቀዝቀዣችሁን ልሠራ የመጣሁ ቀን የመኪናዬን ቁልፍ አየሽና «ዳገት ትወጣለች?» አልሽኝ። «ትወጣለች» አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ ለኮከብ ፎቶሽ ኮረብታው ላይ ሳመላልስሽ ይኸው ሁለተኛው የብርድ ወቅት ሆነን። በብርድ አየሩ ይጠራል፣ ሌሊቱም ይረዝማል እያልሽ ወሩን በጨረቃ ትከፋፍይዋለሽ፤ ጨረቃ የማትወጣባቸው ሌሊቶች የአንቺ፣ የቀሩት የደንበኞችሽ። ባለፈው ዓመት ተወርዋሪ ኮከቦች የሚበዙበት ሌሊት ከጨረቃ ጋር ቢገጥምብሽ ሳምንት ሙሉ አኮረፍሽ። ጨረቃን እንደ ክፉ ጎረቤት ነው የምታሚያት።

ችግሩ፣ እኔ አንቺን የማውቅሽ በጨለማ መሆኑ ነው። ቀን ስመጣ ነጭ ጋውንሽን ለብሰሽ ከመስታወቱ ኋላ እንደ ማንኛውም ሳል የያዘው ሰው ነው የምታዪኝ። ማታ ደግሞ ስልክ ማብራት የለ፣ ባትሪ ማብራት የለ፤ «አጥፋው! ፎቶዬን አበላሸህብኝ!» ነው። ድምፅሽን አውቀዋለሁ፣ ሳቅሽንም። ብርድ ሲጠናብሽ ጥርስሽ እንዴት እንደሚንገጫገጭ አውቃለሁ። ፊትሽ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚል ግን አላውቅም። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ ዓይኔ ካላየ ልቤ በምን ይፍረድ?

ታላቅ እህቴ በዚህ ትስቅብኛለች።

«ለመሆኑ ሹፌሯ ነህ ወይስ ምኗ ነህ?»

«እኔ እንጃ።»

«አንተ ካላወቅክ ማን ይወቅልህ? በዚህ ዕድሜህ!»

ባሏ ሌላ ከተማ ውስጥ ትልቅ የጥገና ሱቅ ከፍቷል። መጥተህ ምራልኝ እያለኝ ነው፤ ሰኞ መልስ ይፈልጋል። ከሄድኩ የምመለስ አይመስለኝም።

ይህንኑ ነበር ባለፈው ኮረብታው ላይ የነገርኩሽ። ስንት ቀን ሳብላላው ከርሜ፣ ጊዜ መምረጥ አልችልበትምና ልክ ካሜራውን ስትጫኚ «ሥራ አግኝቻለሁ፤ ልሄድ ነው መሰለኝ» አልኩሽ። «ቆይ፣ እንዳትንቀሳቀስ» አልሽኝ። ቆየሁ። ካሜራው ቀጭ አለ፤ አንቺ ግን ዝም። ሌላ ፎቶ አነሳሽ፣ ከዚያም ሌላ። ስንመለስ የተናገርሽው ስለ መኪናዬ ማሞቂያ ብቻ ነበር። ከፍቶሽ ይሁን፣ አልሰማሽኝ ይሁን፣ «ይቅናህ» ማለትሽ ይሁን፣ በዚያ ጨለማ እንዴት ልወቅ? ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔን ግን ዝምታሽ ሊያነቅዘኝ ነው።

አሁን ደግሞ ቅዳሜ አልሽኝ። ተሳስታ ይሆናል ብዬ ነበር። ግን የሐኪም ጽሕፈት ሳትሳሳት የምታነብ ሴት የጨረቃ ቀን ትስታለች? ግርዶሽ ይኖር ይሆን ብዬ ፈለግኩ፤ የለም። ምናልባት ለስንብት ይሆናል። ምናልባትም በጨረቃዋ ብርሃን ፊት ለፊት እያየሽኝ ልትነግሪኝ የፈለግሽው ነገር አለ። የመጀመሪያውን ሳስብ ለእህቴ ባል ልደውል ስልኬን አነሳለሁ፤ ሁለተኛውን ሳስብ ደግሞ ብቻዬን እስቃለሁ። ዛሬ የሰው ማቀዝቀዣ ጠግኜ ሶኬቱን ሳልሰካው ወጣሁ። ባለቤትየዋ ደውላ «ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?» አለችኝ።

እወድሻለሁ። ይህን ካልጻፍኩ ደብዳቤው ለምን ያስፈልጋል?

ቅዳሜ እመጣለሁ። የካሜራ ቦርሳሽን ይዘሽ ከቤት ከወጣሽ ምንም አልጠይቅሽም፤ እንደ ወትሮው ዳገቱን እነዳልሻለሁ፣ ለእህቴም ባል እሺ እለዋለሁ። ባዶ እጅሽን ከወጣሽ ግን የትም አልሄድም።

ብቻ አደራሽን፣ ቦርሳውን በልማድ እንዳታነሺው!

እስከ ቅዳሜ ድረስ፣
ሹፌርሽ