ለመማሪያ የተሰቀለው የወይዘሮ ቀለሟ የልብ ምት

ወይዘሮ ቀለሟ ዋቅወያ ከአባታቸው ከአቶ ዋቅወያ ጨመዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለቴ ዘነበ በ1926 ዓ.ም. በዲጋ ተወለዱ። በአሥራ አንድ ዓመታቸው ጉልበታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ክረምቱን ሙሉ ተኝተዋል። ሲነሡ ቤተሰቡ ዳኑ ብሎ እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ሕመሙ ልባቸው ውስጥ እንደቀረ ማን ያውቃል! ከዚያም ነቀምቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው እዚያው የልብስ ስፌት መምህርት ሆኑ። እሳቸው የሰፉት ሱሪ ባለቤቱን አስረጅቶ ለልጁ ይተርፍ ነበር።

በ1945 ዓ.ም. በነቀምቴ ሆስፒታል የሐኪም ረዳት ወይም ድሬሰር ከነበሩት ከአቶ ተረፋ ነመራ ጋር በጋብቻ ተሳስረው አዱኛንና ትዕግሥትን ወለዱ።

በ1959 ዓ.ም. ሆስፒታሉ የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚሥል መሣሪያ ሲያገኝ ኃላፊነቱ ለአቶ ተረፋ ተሰጠ። አዳዲስ ድሬሰሮች ሁሉ የተለማመዱት በወይዘሮ ቀለሟ ላይ ነው። እጅና እግራቸው ላይ ሽቦ ተገጥሞ ሲስቁ ሥዕሉ ስለሚበላሽ አቶ ተረፋ ይቆጧቸው ነበር። ከሁሉ ያማረው ወረቀታቸው፣ ጤነኛ ልብ ይህን ይመስላል ተብሎ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። የሆስፒታሉ ዶክተር ለሥራ ወደ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ሄደው ስለ ነበር አቶ ተረፋ ራሳቸው መሣሪያውን ገጠሙላቸው። በወረቀቱ ላይ መሥመሩ ይንቀጠቀጣል። የሆስፒታሉ ጄኔሬተር ሲነሣ ሁልጊዜም እንዲህ ያደርጋል። ስለዚህ አቶ ተረፋ ሳቅ ብለው፣ «ሞተሩ ነው እንጂ፣ ያንቺን ልብ እኔ አጣዋለሁ?» አሏቸው። እሳቸውም «ቶሌ፣ እሺ» ብለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

በመስከረም ዶክተሩ ያንን ወረቀት ከመዝገቡ አውጥተው አዩት። የረጃጅሞቹን ምቶች ቦታ በሌላ ወረቀት ጠርዝ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቢያንሸራትቱት፣ አንዱ ርቀት ከሌላው አልገጥም አለ። ሞተር መሥመሩን ቢያንቀጠቅጥ እንኳ በምቶቹ መካከል ያለውን ርቀት አያዛባም። የታወከው ልባቸው ነበር።

የልጅነቱ ሕመም የልባቸውን በር እንዳጠበበው፣ ያንን የሚከፍት ቀዶ ሕክምናም በአገራችን እንደሌለ ተነገረን። ክኒን ተሰጣቸው። ወደ ውጭ አገር እንዲላኩ ማመልከቻ ጽፈን መልስ ስንጠብቅ፣ በመጋቢት 1962 ዓ.ም. ከልባቸው የተነሣ የረጋ ደም አንጎላቸው ደርሶ ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው ተያዘ። ዶክተሩ፣ በሐምሌ ታውቆም ቢሆን ይህ ላይቀር ይችል ነበር ብለዋል። ይህን የሚጽፈው ወንድማቸው ታፋ ግን አልሰማም ብሎ ከአቶ ተረፋ ጋር አምስት ወር ሳይነጋገር ቆየ። የሚናደድበት ሌላ ሰው አጥቶ ነው።

አቶ ተረፋ በየማለዳው የባለቤታቸውን የእጅ አንጓ ይዘው ምቱን ይቆጥሩ፣ በደብተርም ይጽፉ ነበር። ቁጥሩን አውቀው የሚያደርጉት ምንም ነገር አልነበረም። አንድ ማለዳ ወይዘሮ ቀለሟ በደኅናው እጃቸው የባላቸውን ጣቶች ከአንጓቸው አላቀው መዳፋቸውን ጭብጥ አድርገው ያዙ። በማግስቱም እንዲሁ አደረጉ። ከዚያ ወዲያ ቆጠራው ቀረ።

ወይዘሮ ቀለሟ ሚያዝያ 14 ቀን 1963 ዓ.ም. በተወለዱ በ37 ዓመታቸው ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸውና ከወንድማቸው ተለይተው በቤታቸው ዐረፉ። ያረፉበት ሰዓት እዚህ አልተጻፈም። አቶ ተረፋ እጃቸውን ይዘው አጠገባቸው ነበሩ፤ ምቱ መቼ እንዳቆመ ግን አላወቁም።

አምላክ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያኑርልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን ይስጠን።